ሃሪ ፈርጉሰን፦ ማረሻን ከትራክተር ጋር ያዋሐዱት መካኒክ

በምሥራቅ ጎጃም፣ ከደጀን ተነሥቶ በብቸና በኩል ወደ ሞጣ በሚያቀናው መንገድ ግራና ቀኝ፣ የክረምቱ ዝናብ ጥቁሩን አፈር ማራስ ሲጀምር በጤፍ ማሳዎች ላይ የሚታየው ሥራ ዐይን የለመደው ነው። ገበሬው በአንድ እጁ ጅራፉን፣ በሌላው እርፉን ይዞ ከበሬዎቹ ኋላ ይራመዳል። ከሩቅ ለሚያይ ሰው እርፉን የያዘው እጅ ማረሻው እንዳይወድቅ የሚደግፍ ብቻ ይመስላል። አራሹ ግን የእጁን ሥራ ያውቃል። አፈሩ ሲጠነክርና በሬዎቹ ሲከብዳቸው እርፉን ጥቂት ያቀልላል፤ አፈሩ ሲላላ ይጫነዋል፤ ድንጋይ ወይም የዛፍ ሥር ሲያጋጥመው ፈጥኖ ያነሣል። ሞፈሩ ከቀንበሩ ጋር በምራን የታሰረ በመሆኑ ማረሻው፣ በሬዎቹና ገበሬው እንደ አንድ አካል ሆነው ይሠራሉ። የጥልቀቱ ልክ የሚወሰነውም በዚያ እጅ ነው።

ትራክተር በዓለም ላይ በብዛት መታየት በጀመረበት ዘመን የተሠሩት ማሽኖች ይህን እጅ ረስተውት ነበር። ማረሻው እንደ ጋሪ ከኋላ ይጎተት ነበር እንጂ ከትራክተሩ ጋር የሚዋሐድበት መንገድ አልነበረም። በዚህ ምክንያት ብዙ ነዳጅ ባክኗል፣ ብዙ መሬት በጎማ ክብደት ተጨፍልቋል፣ የሰው ሕይወትም ጠፍቷል። ለዚህ ችግር መፍትሔ ያገኙት ሰው ሃሪ ፈርጉሰን ይባላሉ። በሀገራችን ስማቸው ማሴ ፈርጉሰን ከተባለው ቀይ ትራክተር ጋር አብሮ ስለሚጠራ ለብዙዎች የፋብሪካ እንጂ የሰው ስም አይመስልም። በብቸናም ሆነ በሞጣ፣ በጋራዥ ወይም በብየዳ ቤት ለጓሮና ለአነስተኛ ማሳ የሚሆን ትንሽ ትራክተር በገዛ እጁ ለመሥራት ለሚያስብ ባለሙያ የእኚህ ሰው የሕይወት ታሪክ ከማንኛውም የፋብሪካ መግለጫ ይልቅ ይጠቅመዋል ብለን እናምናለን። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ፈርጉሰን ኖቬምበር 4 ቀን 1884 በአየርላንድ ሰሜናዊ ክፍል፣ በዳውን አውራጃ፣ ድሮሞር ከተባለች ከተማ አጠገብ በምትገኘው ግሮዌል መንደር ተወለዱ። አባታቸው ወደ 40 ሄክታር የሚጠጋ መሬት የነበራቸው፣ የ11 ልጆች አባት፣ በሃይማኖታቸውም እጅግ ጥብቅ የሆኑ አርሶ አደር ነበሩ። ልጁ ፈርጉሰን ሰውነታቸው ቀጭን ስለነበረ የእርሻ ሥራ ይከብዳቸው ነበር፤ አልወደዱትምም። በ14 ዓመታቸው ትምህርት አቋርጠው በአባታቸው ማሳ ላይ ሲሠሩ ከቆዩ በኋላ ወደ ውጭ ሀገር ለመሰደድ አስበው ነበር። ይሁን እንጂ በ1902 ታላቅ ወንድማቸው ጆ በቤልፋስት ከተማ በከፈቱት የብስክሌትና የመኪና መጠገኛ ተለማማጅ ሆነው ገቡ። የሞተርን ድምፅ ሰምቶ ሕመሙን የሚያውቅ መካኒክ እንደነበሩ አብረዋቸው የሠሩት መስክረዋል። ለጋራዡ ስም ለማትረፍም በሞተር ብስክሌትና በመኪና ውድድር ይሳተፉ ነበር።

በራስ እጅ መሥራት የሚለው ነገር በሕይወታቸው ጎልቶ የታየው መጀመሪያ በአውሮፕላን ነው። በ1909 በፈረንሳይና በእንግሊዝ የተካሄዱ የበረራ ትርኢቶችን ተመልክተው ከተመለሱ በኋላ በወንድማቸው ጋራዥ ውስጥ ባለ አንድ ክንፍ አውሮፕላን መሥራት ጀመሩ። ዲሴምበር 31 ቀን 1909 ሂልስቦሮ በተባለ ቦታ፣ ነፋስ እየነፈሰ፣ ወደ 120 ሜትር ያህል በረሩ። በአየርላንድ ምድር በሞተር አውሮፕላን ለመብረር የመጀመሪያው ሰው እርሳቸው ናቸው። በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ ወደ 5 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ርቀት በርረው 100 ፓውንድ ተሸለሙ። ወንድማቸው ግን ሥራው አደገኛ መሆኑን በማየት አልተስማሙም፤ ስለዚህ በ1911 ፈርጉሰን ተለይተው በቤልፋስት የራሳቸውን ጋራዥ ከፈቱ። ያ የበረራ ጊዜ በከንቱ የባከነ አልነበረም። አውሮፕላን የሚሠራ ሰው እያንዳንዱን ኪሎ ግራም ቆጥሮ ይጨምራል፤ ክብደትን ሳይፈልጉ መጨመር ጥፋት መሆኑን ፈርጉሰን በዚያ ተማሩ።

በአዲሱ ጋራዥ ከቀጠሯቸው ሠራተኞች አንዱ ዊሊ ሳንድስ የተባሉ መካኒክ ነበሩ። የፈርጉሰን ስም በዓለም ሲታወቅ የሳንድስ ስም በጥቂቶች ዘንድ ብቻ ቀርቷል። ይሁንና ከዚህ በኋላ የሚነገረው አብዛኛው ሥራ ወደ ብረት የተለወጠው በሳንድስ እጅ ነው፤ ፈርጉሰን የሚያስቡትንና የሚከራከሩበትን ነገር ሳንድስ ይሞርዱትና ይገጥሙት ነበር። ጋራዥ ውስጥ አብሮ የሠራ ሰው ይህን ዓይነት ጥምረት ያውቀዋል።

በ1914 ፈርጉሰን ከአሜሪካ የሚመጡ ትራክተሮችን መሸጥ ጀመሩ። በዚያው ዓመት የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ተነሣ። በ1917 የጀርመን ሰርጓጅ መርከቦች ወደ ብሪታንያና ወደ አየርላንድ እህል የሚያመጡ መርከቦችን እያሰጠሙ ስለነበረ በሀገር ውስጥ የሚታረሰውን መሬት ማስፋት የግድ ሆነ። በዚህ ጊዜ የአየርላንድ የግብርና ቦርድ በመንግሥት እጅ የነበሩት ትራክተሮች በሚገባ እንዲሠሩ እንዲከታተሉለት ፈርጉሰንን ጠየቀ። እርሳቸውም ከሳንድስ ጋር በመላ አየርላንድ እየተዘዋወሩ ትራክተሮችንና ማረሻዎችን መረመሩ፣ አራሾችንም አሠለጠኑ። ከቢሮ ወጥቶ ማሳ ላይ መቆም ያስገኘው ጥቅም በዚህ ጉዞ ታይቷል። ፈርጉሰን ያዩት ነገር በሁሉም ስፍራ አንድ ነበር፤ ማሽኖቹ እጅግ ከባድ ናቸው፣ ማረሻዎቹ በትክክል አልተስተካከሉም፣ ትራክተሩና ማረሻው እርስ በርስ እንደማይተዋወቁ ሁለት እንስሳት አንዱ ሌላውን ይጎትታል።

ችግሩ ምን እንደነበረ ለመረዳት በዚያው በ1917 በሄንሪ ፎርድ ፋብሪካ መመረት የጀመረውን ፎርድሰን የተባለውን ትራክተር ማሰብ ይጠቅማል። ክብደቱ 1,200 ኪሎ ግራም ገደማ ነበር። ዋጋው ቀላል በመሆኑ በብዙ አገሮች ተሰራጨ። ማረሻው ግን ከኋላ ይጎተት ነበር። የሚጎተተው ማረሻ ድንጋይ ወይም ጉቶ ይዞት ሲቆም የኋላ ጎማዎቹም አብረው ይቆማሉ። ሞተሩ ግን መዞሩን አያቆምም። ጎማዎቹ መዞር ካቃታቸው የሞተሩ ጉልበት የትራክተሩን አካል በኋላው አክስል ዙሪያ ያሽከረክረዋል፤ የፊቱ ጎማዎች ከመሬት ይነሣሉ፤ አሽከርካሪው ፍሪስዮኑን ለመርገጥ ጊዜ ሳያገኝ ትራክተሩ ወደ ኋላ ይገለበጥበታል። በዚህ ዓይነት የሞቱት አራሾች ብዙ ናቸው። አምራቾቹ ይህንን ለመከላከል የሚያውቁት መንገድ ትራክተሩን ይበልጥ ማክበድ ነበር። የከበደው ትራክተር አፈሩን ይጨፈልቃል፤ የተጨፈለቀው አፈር ለማረስ የበለጠ ጉልበት ይጠይቃል፤ ለዚያ ጉልበት ደግሞ ሌላ ክብደት ይጨመራል። እንደ ብቸና ያለ ጥቁር አፈር በእርጥብነቱ ጊዜ በከባድ ጎማ ሲረገጥ ምን እንደሚሆን የሚያውቅ ገበሬ ይህንን ለመረዳት ማብራሪያ አያስፈልገውም።

ፈርጉሰንና ሳንድስ በመጀመሪያ የሠሩት፣ ኤሮስ በተባለ መሣሪያ አማካይነት ወደ ትራክተር ለተለወጠ የፎርድ መኪና የሚገጠም ማረሻ ነበር። ማረሻው ከመኪናው አካል ጋር በቀጥታ ስለሚያያዝ የራሱ ጎማ አልነበረውም፤ አሽከርካሪውም ከመቀመጫው ሳይወርድ በማንሻ ያነሣውና ያወርደው ነበር። ብዙም ሳይቆይ ፎርድሰን ገበያውን ስለያዘው ኤሮስ ተረሳ። ሁለቱ ሰዎች ተስፋ ሳይቆርጡ ለፎርድሰን የሚሆን ሌላ ማያያዣ ሠሩ። ይህኛው አንዱ ከላይ፣ ሌላው ከታች ሆነው የተዘረጉ ሁለት ዘንጎች ነበሩት። ማረሻው ድንጋይ ሲመታ የላይኛው ዘንግ ወደ ፊት ይገፋል፤ ግፊቱም የትራክተሩን አፍንጫ ወደ መሬት ይጫነዋል። ይገለብጠው የነበረው ኃይል ራሱ አሁን አጥብቆ የሚይዘው ኃይል ሆነ። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ አንባቢ አንድ ነገር ብቻ ይዞ ይሂድ ቢባል የምንመርጠው ይህንን ነው።

ነገር ግን አንድ ጉዳይ ቀረ። ማረሻው ከትራክተሩ ጋር ሲጣበቅ የፊት ጎማው ጉብታ ላይ በወጣ ቁጥር ማረሻው ጠልቆ ይገባል፣ ጎማው ጎድጓዳ ውስጥ ሲወርድ ማረሻው ከአፈር ይወጣል። በበሬ እርሻ ይህን የሚያስተካክለው እርፉን የያዘው እጅ ነው። ፈርጉሰን ለዚያ እጅ ምትክ ፍለጋ ዓመታት አሳለፉ፤ በመጨረሻም በሃይድሮሊክ አገኙት። አፈሩ ሲጠነክር ማረሻው የሚያሳድረው ጫና በላይኛው ዘንግ በኩል ወደ አንድ ምንጭ ብረት ይተላለፋል። ምንጭ ብረቱ ሲጨመቅ የዘይት ፓምፑን ቫልቭ ያንቀሳቅሳል፤ ፓምፑም ማረሻውን በጥቂቱ ያነሣዋል። ጫናው ሲቀልል ማረሻው ተመልሶ ይወርዳል። ማረሻው በተነሣ ቁጥር የማረሻውና በላዩ ያለው የአፈር ክብደት ወደ ኋላ ጎማዎች ስለሚተላለፍ ጎማዎቹ መሬቱን አጥብቀው ይይዛሉ፤ ተጨማሪ ብረት መጫን አያስፈልግም። ይህ አሠራር በ1926 የባለቤትነት መብት ተሰጠው። የማያያዣው ቅርጽም በመጨረሻ ሁለት የታችኛ ክንዶችና አንድ የላይኛ ዘንግ ሆኖ ረጋ። ዛሬ በዓለም ላይ ከሞላ ጎደል በእያንዳንዱ የእርሻ ትራክተር ጀርባ ላይ የሚታየው የሦስት ነጥብ ማያያዣ ይህ ነው።

ሐሳቡ ትክክል ቢሆንም ገበያ ለማግኘት ብዙ ዓመት ፈጀ። ሼርማን ከተባሉ ወንድማማቾች ጋር በአሜሪካ ኢንዲያና ግዛት የተቋቋመው የማረሻ ፋብሪካ፣ ፎርድ በ1928 በአሜሪካ ፎርድሰን ማምረቱን ሲያቆም አብሮ ወደቀ። ነባር የትራክተር ፋብሪካዎችም ሐሳቡን አልተቀበሉትም። ስለዚህ ፈርጉሰን በ1933 በቤልፋስት ጋራዣቸው የራሳቸውን ትራክተር ሠሩ። ሞተሩ ከአንድ የአሜሪካ ኩባንያ፣ ማርሾቹ ደግሞ ዴቪድ ብራውን ከተባለው የእንግሊዝ ፋብሪካ የመጡ ሲሆን ሌላው በጋራዡ ተገጣጠመ። ጥቁር ቀለም ስለተቀባ እስከ ዛሬ ጥቁሩ ትራክተር ይባላል። በቤት ውስጥ ከተለያየ ቦታ በተሰበሰበ ክፍል የተገጣጠመ ትራክተር ነበር ማለት ይቻላል፤ ዛሬ በአንድ ጋራዥ ውስጥ ያረጀ ሞተርና ካምቢዮ አገናኝቶ ማሽን ለመፍጠር ከሚሞክር ሰው ሥራ ብዙም አይርቅም።

ከ1936 ጀምሮ በዴቪድ ብራውን ፋብሪካ የተመረተው ትራክተር ክብደቱ ወደ 840 ኪሎ ግራም ብቻ ነበር፤ ከእርሱ በላይ የሚመዝኑ ትራክተሮች የሚሠሩትን ሥራ ይሠራል። የተመረተው ብዛት ግን ከ1,350 ገደማ አላለፈም። ገበሬው ትራክተሩን ሲገዛ ለእርሱ ብቻ የሚስማማ ማረሻና መከስከሻም አብሮ መግዛት ነበረበት፤ ይህም ብዙዎችን አስፈራ። ሁለቱ ሸሪኮችም አልተስማሙም። ብራውን ከፍ ያለ ጉልበት ያለው ትራክተር ይሥራ ይላሉ፤ ፈርጉሰን ደግሞ አንዲት ቡሎን ሳትለወጥ ዋጋው ይቀንስ ይላሉ። እውነቱን ለመናገር ፈርጉሰን አብሮ ለመሥራት አስቸጋሪ ሰው ነበሩ። ንጽሕናና ሥርዓት እስከ መጠን በላይ ይወዳሉ፤ በሐሳባቸው የማይስማማን ሰው እንደ ጠላት ይቆጥራሉ፤ ደብዳቤያቸው ረጅምና ክርክር የበዛበት ነበር። ያለዚህ ግትርነት ሐሳቡ በሕይወት ይቆይ ነበር ወይ የሚለውን ግን መመለስ ያስቸግራል።

በኦክቶበር 1938 ፈርጉሰን ትራክተራቸውን በመርከብ ጭነው ወደ አሜሪካ በመሄድ በዲርቦርን በሚገኘው የሄንሪ ፎርድ ይዞታ ላይ ማረሱን አሳዩ። ከዚያም ሁለቱ ሰዎች ሜዳው ላይ ጠረጴዛ አስወጥተው ተቀመጡ። ፈርጉሰን በምንጭ ብረት የሚንቀሳቀስ ትንሽ የትራክተር አሻንጉሊት ይዘው ነበርና የማያያዣውን ሥራ በእርሱ አሳዩ። ፎርድ ትራክተሩን ሊያመርቱ፣ ፈርጉሰን ሐሳቡን ሊሰጡና ሊሸጡ ተስማምተው ተጨባበጡ። ወረቀት አልተጻፈም፣ ጠበቃም አልተጠራም፣ ምስክርም አልቆመም። በጁን 1939 ትራክተሩ ለሕዝብ ሲቀርብ ቀላልነቱን ለማሳየት የ8 ዓመት ልጅ እንዲያርስበት ተደረገ። ዛሬ እንዲህ ያለ ትርኢት በማንም ፊት ሊቀርብ አይገባም፤ ልጅ ትራክተር ላይ መቀመጥ የለበትም። የዘመኑ ተመልካች ግን ተደነቀ።

ፈርጉሰን ራሳቸው ሲያሳዩ የሚወዱት ሌላ ትርኢት ነበራቸው። ከአንድ ክፍል ብዙም የማይሰፋ ቦታ በገመድ ወይም በአጥር ያስከልላሉ። ትራክተሩን ወደ ውስጥ አስገብተው፣ ማረሻውን ወደ ጥግ በኋላ ማርሽ እያስጠጉ፣ እያወረዱና እያነሡ መሬቱን በሙሉ ያርሱታል፤ በመጨረሻም የጎማ ዱካ ሳያስቀሩ ይወጣሉ። የሚጎተት ማረሻ ለመዞር በማሳው ዳር ሰፊ ቦታ ይፈልጋል፤ የሚነሣ ማረሻ ግን አይፈልግም። ማሳው በወሰንና በእርከን ተከፋፍሎ በጠበበበት አገር ይህ ትርኢት ከፈረስ ጉልበት ቁጥር ይልቅ ይናገራል።

እስከ 1947 ድረስ በዚህ የእጅ መጨባበጥ ስምምነት ከ300 ሺህ በላይ ትራክተሮች ተመረቱ። ሄንሪ ፎርድ በሸመገሉ ጊዜ የልጅ ልጃቸው ኩባንያውን ተረከቡ፤ የሂሳብ መዝገቡን ሲመረምሩም በትራክተሩ ላይ ኪሳራ መኖሩን አገኙ። ስምምነቱን አቁመው የሃይድሮሊኩን አሠራር የያዘ አዲስ ትራክተር በራሳቸው ስም አወጡ። በጽሑፍ የሰፈረ ውል የሌላቸው ፈርጉሰን ክስ መሠረቱ፤ መጀመሪያ የጠየቁት ካሳ 251 ሚሊዮን ዶላር ነበር። ክርክሩ አራት ዓመት ፈጅቶ በኤፕሪል 1952 በ9.25 ሚሊዮን ዶላር ተቋጨ። ፈርጉሰን ይህን እንደ ድል ቆጠሩት፤ ያጡት ጊዜና ገበያ ግን አልተመለሰም።

በዚያ መካከል እጃቸውን አጣጥፈው አልተቀመጡም። ከ1946 ጀምሮ በእንግሊዝ ኮቨንትሪ ከተማ፣ ከስታንዳርድ የመኪና ኩባንያ ጋር በመሆን ቲኢ 20 የተባለውን ግራጫ ትራክተር ማምረት ጀመሩ። እስከ 1956 ድረስ ከ500 ሺህ በላይ ተሠሩ። ለአርሶ አደሮችና ለመካኒኮች ትምህርት ቤት ተከፈተ፤ ማረሻ፣ መከስከሻ፣ መዝሪያ፣ ማጨጃ፣ ተሳቢ ሁሉ በዚያው ሦስት ነጥብ ላይ እንዲገጠሙ ተደርገው ተዘጋጁ። ፈርጉሰን የእርሻ ወጪ ሲቀንስ የእህል ዋጋ ይቀንሳል፣ የእህል ዋጋ ሲቀንስም ረሀብና ጦርነት ይቀንሳሉ ብለው ያምኑ ነበር፤ ይህንንም ለሚኒስትር፣ ለነጋዴና ለገበሬ ሳይታክቱ ይሰብኩ ነበር። ሰር ኤድመንድ ሂላሪና ጓዶቻቸው በጃንዋሪ 1958 ሰንሰለት በተገጠመላቸው በእነዚሁ ትራክተሮች እየነዱ ደቡብ ዋልታ ደርሰዋል።

በ1953 ፈርጉሰን ኩባንያቸውን ማሴ ሃሪስ ከተባለው የካናዳ ድርጅት ጋር አዋሐዱ። በሽያጩ ዋጋ ላይ የአንድ ሚሊዮን ዶላር ልዩነት ሲፈጠር ነገሩ ሳንቲም በማንሣት እንዲወሰን ሐሳብ ያቀረቡት እርሳቸው ናቸው፤ ተሸነፉም። በሚቀጥለው ዓመት ከአዲሱ ድርጅት ለቀቁ። ድርጅቱ በ1958 ማሴ ፈርጉሰን የሚለውን ስም ያዘ።

ከዚያ በኋላ የቀረውን ጊዜያቸውን ያዋሉት ጉልበትን ለአራቱም ጎማዎች በማዳረስ ምርምር ላይ ነበር። በዚያው ዘመን በሌላ አገር፣ በአሜሪካ ሚኒሶታ ግዛት፣ ስታይገር የተባሉ ወንድማማቾችና አባታቸው በ1957 እና 1958 መካከል በነበረው ክረምት በላም በረታቸው ውስጥ ከወገቡ የሚታጠፍ ባለአራት ጎማ ትራክተር በራሳቸው ሠሩ። ይህ ቅርጽ አዲስ አልነበረም፤ ኢጣሊያዊው ኡጎ ፓቬሲ ቀደም ብለው ሠርተውት፣ የኢጣሊያ ጦርም ከባድ መድፍ ለመጎተት ተጠቅሞበታል። በእጅ ለሚሠራ ሰው ግን ልዩ ጥቅም አለው። ጎማው እየዞረ መሪም የሚሰጥ የፊት አክስል መሥራት አስቸጋሪ ነው። ትራክተሩ ከወገቡ ከታጠፈ ግን ከአሮጌ መኪና የተነሡ ሁለት ቀጥ ያሉ አክስሎች ይበቃሉ፤ አንዱ ከፊት፣ ሌላው ከኋላ ይሆናል፤ መሪው በሃይድሮሊክ ሲሊንደር ወገቡን ያጥፈዋል። የኋላው ጎማ የፊቱን ዱካ ስለሚከተል በጓሮ አትክልት መደቦች መካከል ሲሄድ የሚረግጠው ያነሰ ነው።

ችግሩም በዚያው ወገብ ላይ ነው። ጉልበት የሚያስተላልፈው ዘንግ ክሮቼራ ከማጠፊያው መሐል ጋር በትክክል ካልገጠመ ቶሎ ይሰበራል። ማጠፊያው ወደ ጎን ብቻ ሳይሆን እንደ እጅ አንጓ መጠምዘዝም አለበት፤ አለዚያ አንዱ ጎማ ትልም ውስጥ ሲወርድ ሌላው አየር ላይ ይቀራል። ተዳፋት ላይ ወገቡ ሲታጠፍ የክብደቱ መሐል ወደ ጎን ስለሚሸሽ ትራክተሩ በቀላሉ ይገለበጣል፤ ስለዚህ ከአሽከርካሪው ራስ በላይ ጠንካራ የብረት ቅስት ያስፈልገዋል። በጥገና ጊዜም ወገቡ በብረት ዘንግ ካልተቆለፈ እግርን ወይም እጅን ሊያደቅ ይችላል። የመኪና ካምቢዮ ብቻውን ለእርሻ እጅግ ይፈጥናል፤ በማረሻ ጊዜ የሚፈለገው ፍጥነት በሰዓት ከ4 እስከ 6 ኪሎ ሜትር ያህል ነውና ብዙዎች ሁለት ካምቢዮ አከታትለው ይገጥማሉ። ያኔ ፍጥነቱ ሲቀንስ የመጠምዘዝ ኃይሉ ስለሚያይል ከኋላ ያለው አክስል የሚችለውን ማወቅ ግዴታ ነው። ማረሻ የተገጠመለት ታጣፊ ትራክተር በትልም ውስጥ እያለ ቢታጠፍ ማረሻው ወደ ጎን ይጎተትና ማያያዣው ይጣመማል፤ ስለዚህ ከመዞር በፊት ማረሻው መነሣት አለበት። እዚህ ላይ ቅርጹ ምንም ይሁን ምን ነገሩ ተመልሶ ወደ ፈርጉሰን ሦስት ነጥብ ይመጣል። ማረሻውን በሰንሰለት ከኋላ አስሮ መጎተት ለሠሪው ይቀላል፤ አሽከርካሪውን ግን ለዚያ ለድሮው የፎርድሰን አደጋ መልሶ ያጋልጠዋል።

ፈርጉሰን በመጨረሻ ዓመቶቻቸው ጤና አጡ፤ እንቅልፍ ማጣትና ከባድ ትካዜም ያሠቃያቸው ነበር። ኦክቶበር 25 ቀን 1960 በእንግሊዝ ግሎስተርሺር በሚገኘው መኖሪያ ቤታቸው በ75 ዓመታቸው ዐረፉ። በሚቀጥለው ዓመት በምርምር ድርጅታቸው የተሠራችው፣ ጉልበት ለአራቱም ጎማዎች የሚደርስባት የውድድር መኪና በስተርሊንግ ሞስ እየተነዳች በኦልተን ፓርክ ውድድር አንደኛ ወጣች።

የባለቤትነት መብቶቻቸው ዘመን ካለፈ ቆይቷል። ማያያዣው ዛሬ በዓለም አቀፍ ደረጃ የተወሰነ ልክ ያለው የሁሉም ንብረት ነው። ከ20 እስከ 50 የፈረስ ጉልበት ገደማ ላላቸው ትራክተሮች በሚያገለግለው አንደኛው ምድብ የላይኛው ዘንግ ፒን ውፍረት 19 ሚሊ ሜትር፣ የታችኞቹ ክንዶች ፒን 22 ሚሊ ሜትር ነው። ከዚያ በታች ላሉት የጓሮ ትራክተሮች በተወሰነው ምድብ ሦስቱም ፒኖች 16 ሚሊ ሜትር ናቸው። ብቸና ውስጥ በዚህ ልክ የተበየደ ማያያዣ ሞጣ ውስጥ በዚያው ልክ ከተሠራ ማረሻ ጋር ይገጥማል።